አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

እሑድ፣ ጥር 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ኮቱ ጠበበኝ። ትከሻው ልክ ነው፣ እጄን ወደ ፊት ስዘረጋ ግን ከኋላ ጨምድዶ ይይዘኛል። ታምራት «እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ከተቀመጥሽ ማንም አያውቅም» ይላል። ራሱ መርጦ ገዝቶ ነው የጠበቀኝ፤ ሰማያዊ፣ ቁልፎቹ የሚያብለጨልጩ። የአውሮፕላን አስተናጋጅ መስያለሁ። ግን ባሌ ሱቅ ገብቶ የሴት ኮት ሲያገላብጥ በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝና ልቤ ራራ። እለብሰዋለሁ።

ከኦሃዮ እስከ አትላንታ በአውቶቡስ። እግሬ አብጧል። እትዬ ዘውዲቱ ገና ከበር ስገባ አይተውት ጨው የገባበት ለብ ያለ ውኃ አቀረቡልኝ። አትላንታ ጫፍ፣ ፓይን ሌክ ያለው ይህ ቤት የእሳቸው ነው፤ ታምራት ምድር ቤቱን ተከራይቶ ይኖራል። ዘመዴ አይደሉም፤ ሳያቸውም ገና ሦስተኛዬ ነው። ጫማዬን ሊያወልቁልኝ ሲያጎነብሱ አፍሬ ልሞት ነበር። «እትዬ፣ ይተዉ!» ብል ማን ሰምቶኝ።

ነገሩን ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። ዘንድሮ እዚያው ኦሃዮ በሕክምና እመረቃለሁ። ከዚያ አንድ ሆስፒታል ተቀብሎኝ ሦስት ዓመት በሬዚደንትነት፣ የሕፃናት ሕክምና እየተማርኩ፣ መሥራት አለብኝ፤ የት እንደሆነ በመጋቢት ይታወቃል። ከታምራት ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው፣ አንድ ላይ የኖርነው ግን የእኔን የዕረፍት ሳምንታት ብቻ። አትላንታ ከተቀበለኝ አንድ ቤት እንገባለን። ካልተቀበለኝ ሌላ ሦስት ዓመት በስልክ ትዳር።

ነገ ኢንተርቪው አላባማ፣ ቢርሚንግሃም፤ ማክሰኞ እዚሁ አትላንታ። የነገው ለመጠባበቂያ ነው። ልቤ ማክሰኞ ላይ ነው።

ሰኞ

ታምራት ፒችትሪ ኮርነርስ ካለው መጋዘን የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ መጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ መኪናውን አሞቀ። እኔ መንዳት አልችልም። እስከ አላባማ ድረስ እንቅልፉን እየታገለ ወሰደኝ። ኢንተርቪው ስገባ መኪናው ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ተኛ። ስመለስ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ አገኘሁትና ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት። እንዲህ ዓይነት ሰው ለእኔ መሰጠቱ ይገርመኛል። ጠዋት ጠዋት የምነጫነጭበት መሆኑን ሳስብ ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል።

ኢንተርቪው ደህና ነበር። ጎበዝ የሆንሽበትን ንገሪን ሲሉኝ ግን ምላሴ ተሳሰረ። ራሴን በራሴ ማመስገን ጥርስ ከመነቀል አይተናነስብኝም። መምህሮቼን አመስግኜ ጨረስኩ።

ምሳ ላይ አንዲት ሴትዮ ኬክ ይዛ መጣች። «ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። «ኖ፣ ቴንክ ዩ» አልኩ፣ እንደ ወጉ። «እንዴ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ!» የሚለውን ስጠብቅ ሳህኑ ከእኔ አልፎ ጎረቤቴ ጋ ደርሷል። ቁርስ እንኳ አልበላሁም ነበር። ኬኩን እስከ ጠረጴዛው ጫፍ በዓይኔ ሸኘሁት።

መንገድ ላይ ለታምራት ስነግረው መሪውን ይዞ በሳቅ ፈረሰ። «እኔስ? ሥራ የገባሁ ሰሞን ልጆቹ ‹ሳንድዊች ትፈልጋለህ?› ሲሉኝ ‹ኖ› እያልኩ ጦሜን ስውል ከረምኩ። እዚህ አገር አንዴ ብቻ ነው አስክ የሚያደርጉሽ። ኖ ካልሽ ኖ ነው» አለኝ። ስንስቅ አትላንታ ገባን።

ማክሰኞ

እንደዛሬ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

መጀመሪያውማ ሁሉም ጥሩ ነበር። የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሃርፐር ይባላሉ፤ ሸበቶ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ሱዳን ስደት ላይ ሳለሁ ክሊኒክ ውስጥ ሳስተረጉም ሐኪም ለመሆን እንደወሰንኩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝ። ራሴን እንኳ ትንሽ አመሰገንኩ፤ ታምራት በመስታወት ፊት ያለማመደኝን። ወደድኳቸው፣ የወደዱኝም መሰለኝ።

ሊሸኙኝ ሲነሱ «ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ሕፃናቱን ሲያዩ፣ አብረሽን ብትሆኚ ደስ ይልሻል?» አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ ይህ ያደገበትን የማይረሳ አፌ፣ «ኧረ አይ፣ አላስቸግራችሁ፣ አመሰግናለሁ» አለ።

ቆሜ ጠበቅኩ። ወለሉን እያየሁ፣ ፈገግ ብዬ፣ ሁለተኛውን ግብዣ ጠበቅኩ።

«ይገባኛል፣ ብዙ ቦታ ትሄጃለሽ» አሉና ጨበጡኝ። በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ከእኔ ጋር ለኢንተርቪው የቀረበው ልጅ «ነገ ጠዋት እንገናኛለን?» ሲለኝ ነው የገባኝ። ኬኩ! ትናንት የሳቅኩበት ኬክ! የምፈልገውን ቦታ በገዛ አፌ አልፈልግም ብዬ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ታምራት አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ኮል አድርጊላቸው» አለ። ቤት ደርሰን ደወልኩ፣ ቢሮው ተዘግቷል።

እትዬ ዘውዲቱ ጉዳዩ ሲነገራቸው ጥፋቱ አልታይ አላቸው። «ታዲያ ምን አጠፋች? ሰው ገና በመጀመሪያው ዘሎ እሺ ይላል እንዴ? እኔም ብሆን እንደሷ ነበር የምለው!» ታምራት አስረድቷቸው ሲጨርስ «በይ ነገ እንሄዳለን» አሉ።

«እንሄዳለን?»

«አስቀይመሽ ብቻሽን ልትሄጂ ነው? እርቅ ያለ ሽማግሌ የት ታውቂያለሽ?»

ረቡዕ

እትዬ ዘውዲቱ ለጥምቀት ያስቀመጡትን ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከእኛ ቀድመው መኪናው ውስጥ ገብተዋል። ታምራትን በዓይኔ ለመንኩት፤ ሳቁን ለመደበቅ መስታወት መጥረግ ጀመረ።

ዶክተር ሃርፐር ቢሯቸው በር ላይ አገኙን፣ እጃቸው ውስጥ የቡና ኩባያ። እኔ የሸመደድኩትን ይቅርታ ሳልጀምር እትዬ ዘውዲቱ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ሰውየውም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ኩባያቸውን እንደያዙ ዝቅ አሉ።

«ንገሪልኝ» አሉኝ እትዬ። «ልጃችን እምቢ ያለችው ስላልፈለገች አይደለም። እኛ ስንጋበዝ መጀመሪያ እምቢ እንላለን፣ ጋባዡ ደግሞ ይለምናል። እርስዎ ሳይለምኗት በሩን ዘጉባት። ይኸው እኔ አስታራቂ ሆኜ መጥቻለሁ።»

ፊቴ እየነደደ ተረጎምኩ። «በሩን ዘጉባት» የሚለውን ልዘለው ስል እትዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ እንግሊዝኛውን አይናገሩት እንጂ ይሰማሉ። እሱንም ጨመርኩ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዶክተር ሃርፐር ኩባያውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያውስ እንደገና ልጠይቅሽ። ዛሬ ራውንድ ላይ አብረሽን…»

«የስ!» አልኩ። ጥያቄያቸውን እንኳ አልጨረሱም። ሰውየው ከት ብለው ሳቁ። እትዬ ዘውዲቱ ብቻ አልሳቁም፤ በጣም ቸኮልሽ በሚል ዓይን አዩኝ።

ጠዋቱን ሙሉ ከአልጋ አልጋ ዞርን። አስም አፍኗት አላስነካ ያለች ትንሽ ልጅ ነበረች። የኮቴን የሚያብለጨልጭ ቁልፍ ይዛ ስትጫወት ጀርባዋን አዳመጥኩ። ታምራትን በልቤ አመሰገንኩት፤ በዚህ ኮት ላይ ካሁን በኋላ ክፉ ቃል አልናገርም።

ስንለያይ ዶክተር ሃርፐር «በመጋቢት የሚሆነውን ቃል ልገባልሽ አልችልም» አሉኝ። «ግን መፈለግሽን አውቀናል። አክስትሽን አመስግኚልኝ።» አክስቴ አይደሉም ልል ነበር፣ ተውኩት። ውጭ መጠባበቂያ ወንበር ላይ ከጥበቃው ሰውዬ ጋር በእጅ ምልክት እየተጨዋወቱ አገኘኋቸው። ብስኩት አቅርቦላቸው ኖሮ እምቢ ሲሉት መልሶ ወስዶታል። «ርቦኛል፣ ቶሎ እንሂድ» አሉ።

ሐሙስ

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጠዋት እትዬ ዘውዲቱ ስንቅ ሲቋጥሩልኝ «ትንሽ ቆሎ ልጨምርልሽ?» አሉኝ።

«አዎን!»

«ኤዲያ! አበላሹሽ በቃ» ብለው ሌላ ያን ያህል ጨመሩልኝ። ስማቸው መንገድ ሙሉ አፌ ላይ ነው። ሰው እንዲህ ለማያውቀው ልጅ ዝቅ ይላል? ምን እንደምከፍላቸው አላውቅም። በደህና ቀን ካገናኘን እኔ ነኝ እግራቸውን የማጥብ፣ ይተዉ ቢሉም አልተውም።

ተቀባይነት ማግኘቴን አላውቅም። ቢርሚንግሃምም ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ የትም ላይሆን ይችላል። ግን መፈለጌን ተናግሬ ነው የሄድኩት። እምቢ ካሉኝም እነሱ ይበሉኝ።

ታምራት አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ከኪሱ አንድ ነገር አወጣ። የቤቱ ቁልፍ፣ አዲስ የተቀረጸ፣ ጥርሱ ገና የሚቧጥጥ። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚከፍትልኝ፤ የራሴ ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም።

«ትወስጂዋለሽ?» አለኝ።

አፌ እንደ ልማዱ ተከፈተ። ቆይ፣ ውጤቱ ይታወቅ፣ አሁን ምን አስቸኮለህ ልል። ሽማግሌ ሲልክብን ሁለቴ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ሦስተኛ ጊዜ እስኪመጡ መስኮት ሥር ቆሜ የጠበቅኩት።

ዛሬ አላስደገምኩትም። ተቀበልኩት። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው፣ እየደጋገምኩ እነካዋለሁ።