የግራው መጋረጃ ይከፈት ዘንድ

ለተከበሩ የቅንጡው ባቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም አንገትዎን ደህና ያድርግልዎ። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ የሚዞር አንገት ቶሎ እንደሚደርቅ ሰምቼ ከልብ አስቤልዎታለሁ።

እኔ እስከ ዛሬ አራት ወር ድረስ ባቡርዎ ላይ አስጎብኚ ነበርኩ። በስሜ ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ በጥፋቴ ግን ያውቁኛል፦ መጋረጃ የከፈተችው ልጅ ነኝ። ባቡርዎ ሦስት ሞቃት አገሮችን በስድስት ቀን ሲያቋርጥ እንግዶችዎ በቀዘቀዘው ፉርጎ ተቀምጠው የሚንተከተከውን ዓለም በመስታወት ያያሉ፣ እኔ ደግሞ በሦስት ቋንቋ ዝንጀሮውን፣ ወንዙንና የጎማ ዛፉን አስተዋውቅ ነበር። አቤቱታዎቼ ብዙ አይደሉም፤ ጊዜዎን ስለማከብር ቆጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

1ኛ. ስለ «የዓይን ዕረፍት»። በጉዞው ሦስተኛ ቀን ባቡሩ ወደ አንድ የመኪና መሻገሪያ ሲቃረብ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁት አስተናጋጆችዎ የግራውን መጋረጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘጋሉ፤ መስታወቱ ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ስለሆነ ደጅ የቆመ ሰው መጋረጃ መኖሩን አያውቅም። ለስምንት ደቂቃ እንግዶች በቀኝ በኩል ያለውን ዘንባባ ብቻ እንዲያዩ ይደረጋል፤ በፕሮግራሙም ላይ ይህ «የዓይን ዕረፍት» ይባላል። በግራ በኩል ለዓይን ያን ያህል አድካሚ የሆነው ነገር የሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ነው፦ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ጨዋታቸውን አቁመው ባቡር የሚያዩ ልጆች፣ መሻገሪያው ላይ ደግሞ አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ የቆመ አንድ ሰው። ሰውየው አባቴ ነው። መንገዱን ዘግቶ፣ ሐዲዱ ነጻ መሆኑን አይቶ ባቡር ሲያሳልፍ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

ባቡርዎ በሚያልፍበት ቀን እማዬ ባንዲራውን ትተኩሳለች። አዎ፣ በካውያ። «ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የሚያየውን ነገር እንደተጨማደደ አላስይዘውም» ትላለች። አባዬም እኔ ዕረፍት ወጥቼ ቤት በገባሁ ቁጥር «እህሳ፣ እንግዶቹ ምን አሉ?» ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ «አድንቀውሃል» አልኩት። ዩኒቨርሲቲው በማዕረግ አስመርቆኝ ነበር፣ የተዋጣልኝ ውሸታም ያደረገኝ ግን የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነውና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. ስለ ጥፋቴ። አንድ ቀን ውሸቱ ከበደኝና መጋረጃውን ከፈትኩ። «በስተግራዎ የሚያዩት ሰው በሰላም የሚያሻግረን ነው፤ አባቴ ነው» አልኩ። እንግዶቹ ተንጋግተው መጡ፤ አንዲት ሸበቶ እመቤት መስኮቱን ዝቅ አድርገው እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አውጥተው አውለበለቡ። አባዬም ባርኔጣውን አነሳላቸው። ባቡሩ አልተገለበጠም። የተገለበጥኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ የተሰጠኝ የሥራ ልምድ ደብዳቤ «ለእንግዶች መታየት የማይገባውን በማሳየቷ ተሰናብታለች» ይላል። ይህንን ይዤ አራት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንብበው ቀና ይሉና ከእግር እስከ ራሴ ይቃኙኛል። አንዱማ «ለመሆኑ እህቴ፣ ምን አሳይተሽ ነው?» አለኝ። «አባቴን» ስለው ይብሱን ደነገጠ። ለቤተሰቤ «ሠራተኛ ቀነሱ» አልኳቸው። ውሸቱን አስለምደውኝ የለ?

3ኛ. ስለ አባቴ ምትክ። የቀድሞ ባልደረቦቼ እንደነገሩኝ፣ እንግዶቹ በአስተያየት መዝገብዎ ላይ በስድስቱ ቀን ካዩት ሁሉ ባለባንዲራው እንደበለጠባቸው ጽፈው ኖሯል። እርስዎም ብልህ ነዎትና አላባከኑትም፤ ግራ ግን ግራ ስለሆነ በቀኝ በኩል፣ ዘንባባው ሥር፣ የወርቅ ቁልፍ ያለው ካፖርት ያለበሱትን አንድ የቲያትር ሰው አቆሙ። አረንጓዴ ከዘንባባው ጋር ተመሳስሎ ፎቶ ላይ ስለማይደምቅ፣ ቀይ ባንዲራ አስያዙት።

ክቡር ሆይ፣ ይህንን ዓረፍተ ነገር እንደገና ያንብቡልኝ። የባቡር ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሐዲድ ዳር ለቆመ ሰው ቀይ ባንዲራ አስያዙት።

ነጂው በግራ አረንጓዴ፣ በቀኝ ቀይ አየና በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን የተማረውን አደረገ፦ ቆመ። ተዋናዩ ባቡሩ እሱን ለማየት የቆመ መስሎት ይበልጥ ማውለብለቡን ቀጠለ። ነጂውም ይበልጥ ቆመ። በዚህ መሃል ማቀዝቀዣው ጠፋ። በእርስዎ ቸርነት ሥራ ፈት ስለሆንኩ ቤት ነበርኩና ሁሉንም በዓይኔ አየሁት። በሙቀት የተቀቀሉት እንግዶችዎ አየር ፍለጋ የግራውን መጋረጃ አንድ በአንድ ገፈው መስኮቱን ከፈቱ። አባዬ ሐዲዱን ተሻግሮ ቀዩን ባንዲራ ከተዋናዩ እጅ ተቀበለ፤ «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ መጫወቻ አይደለም» ብሎ አጣጠፈው፤ ተመልሶም አረንጓዴውን አሳየ። ባቡርዎ ሄደ። ጭብጨባው እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር።

አባዬ ቤት ሲገባ ግን አልሳቀም። ቁጭ አለና «ለካ መጋረጃ ነበረው?» አለኝ። እማዬ ካውያዋን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ወደ ሥራዬ ይመልሱኝ አልልም። የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። መጋረጃው ይከፈት። ደብዳቤዬም ላይ እውነቱ ብቻ ይጻፍ፦ «አባቷን በማሳየቷ ተሰናብታለች» ይበል። እንደዚያ የሚል ከሆነ በፍሬም አስገብቼ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

በቀኝም በግራም የማከብርዎ፣ መንገድዎ የተቃና እንዲሆን የምመኝልዎ፣
የመሻገሪያው ጠባቂ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባዬ በሚቀጥለው ወር ጡረታ ይወጣል። ቦታው ላይ ሰው የሚቀጥረው የእርስዎ ድርጅት ሳይሆን የሐዲዱ መሥሪያ ቤት በመሆኑ ፈተና ወጥቶ ነበር፤ አንደኛ ወጣሁ። ፈታኞቹ የእርስዎን ደብዳቤ አላነበቡም፤ የጠየቁኝ ቀይና አረንጓዴ መለየት እንደምችል ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ለእርስዎ አልቀረበልዎትምና እድለኛ ነዎት። ባቡርዎን በሰዓቱ ስለማሳልፈው አይስጉ። እማዬም ካውያዋን ከጓዳ አውጥታለች። ለሰላምታ ከፈለጉኝ በስተግራዎ ነኝ።