እግር የማይጠይቅ አውቶቡስ

ለተከበሩ የጉምሩክ ዕቃ ምደባ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ የቢሮዎ ወንበርስ ደኅና ነው? እኛ አንድ ሰው ከመካከላችን ከመጉደሉ በቀር ደኅና ነን።

ጡረታ የወጣሁ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለአለቆች የምስጋና ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነዳ። ስኳር ሁለት እግሮቹን ከወሰደበት በኋላ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ የሚያልፈውን አውቶቡስ በድምፁ እየለየ፣ ማርሽ ያለጊዜው የሚቀይረውን ሾፌር ሁሉ ሲሳደብ ይውል ነበር። ሌላ አገር የምትሠራው ልጁ ይህን ሰምታ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም አዲስ የጌም ማጫወቻ ላከችለት፤ መልኩ መጫወቻ፣ ሆዱ ግን ሙሉ ኮምፒውተር የሆነ። የአውቶቡስ መንዳት ጨዋታ ጭናበት፣ የተጫዋቹን ስም «አባባ» ብላ ሞልታ ነው የላከችው። ጋሼ ይህን ሲሰማ «እግር የማይጠይቅ አውቶቡስ መጣልኝ በሉኛ!» ብሎ ጢሙን ተላጨ።

ምስጋናዬ በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ. ዕቃው ኮምፒውተር ይሁን መጫወቻ ለመለየት ሰባት ወር መውሰዳችሁን አደንቃለሁ፤ የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማልና። ኮምፒውተር ከሆነ መስኮት አንድ፣ መጫወቻ ከሆነ መስኮት አራት ተብዬ፣ አንዱ ወደ ሌላው ሲልከኝ ሰንብቶ ጉልበቴ በእጅጉ ጠንክሯል።

2ኛ. አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ አቋቁማችሁልናል። ወንድሜ በሕይወቱ ለእርሱ ጉዳይ ኮሚቴ ተቋቁሞለት አያውቅም። ደጅ ጠንቼ በተመለስኩ ቁጥር ምን እንዳሉኝ ይጠይቀኛል፣ እኔም እያጠኑት ነው እለዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር። በስድስተኛው ወር መጠየቁን ተወ።

3ኛ. «ኮምፒውተር ነው» የሚለው ውሳኔያችሁ ወንድሜን በቀበርን በዘጠነኛው ቀን ደረሰን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት ለእናንተ አልጠቅስም፤ ነውር ነው። ተረካቢው መታወቂያውን ይዞ ራሱ በአካል ካልቀረበ ዕቃው አይሰጥም መባሉም ደንብ ነው፣ ደንብ ይከበራል። የሞት ምስክር ወረቀቱን ሳቀርብ ኮፒው ደብዛዛ ነው ተብሎ ሲመለስብኝ ግን፣ አልዋሽዎትም፣ ደረጃችሁ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ውኃ የሰጡኝ የበር ጥበቃው ናቸው። እርሳቸውን ያለ ሽሙጥ አመሰግናለሁ።

4ኛ ላይ ቃላት ያጥረኛል። በስንት መከራ ዕቃውን ተረክቤ ጎረቤታችን ቴሌቪዥን ጠጋኙ ገጠመልኝ። ሲበራ በተጫዋቾች ስም ዝርዝር ላይ «አባባ» ከላይ አለ፤ የነዳበት ሰዓት ዜሮ። ከሥሩ «ኮሚቴ 1» ብሎ እስከ «ኮሚቴ 5» ተደርድሯል። ኮሚቴ 3 ብቻቸውን ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዓት ነድተዋል። ጉዳያችን አንድም ቀን ሳይታይ አልዋለም ማለት ነው፤ እኔ ክፉ ነኝ፣ መሳቢያ ውስጥ ረስታችሁት መስሎኝ ነበር።

ኮሚቴ 3 አውቶቡሱን ተሳፋሪ እንደጫነ መንገድ መሃል ትተውት ሄደዋል። ወንድሜ በሠላሳ አንድ ዓመት ተሳፋሪ መንገድ ላይ ጥሎ አያውቅም። ስለዚህ መንዳት የማላውቀው ሴትዮ መቆጣጠሪያውን አንስቼ፣ ሁለት ጊዜ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላትሜ፣ ሁሉንም መጨረሻው ፌርማታ ላይ አወረድኳቸው። የጋሼን ዜሮ ግን አልነካሁትም።

ሰባት ወር ደጅዎን ያሞቅኩልዎ፣
የአንድ ሾፌር ታናሽ እህት

ማሳሰቢያ፦ የኮሚቴ 3ን ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዓት አላጠፋሁትም። ሊወስዱት ከፈለጉ መታወቂያቸውን ይዘው ራሳቸው በአካል ይቅረቡ፤ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው። እኔ አላስጠብቃቸውም።