ስሟ ያልተጻፈው ደሴት

ስፋቅስ፣ ሸዋል 6 ቀን 979 ዓመተ ሂጅራ

ለውድ እናቴ ለለላ መነና፣
ጀርባ ደሴት፣ በአጎቴ ቤት

እማዬ፣ የአላህ ሰላም ከእኔ ቀድሞ ደጃፍሽ ይድረስ። እኛ ደህና ነን። የዒዱ ጨው ዓሣ ያለ አንቺ እጅ አልጣፈጠም። አባባ ቀምሰው "ጨው በዝቶበታል" አሉና የእኔን ድርሻ ጭምር ጨረሱት።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ወንድሜ ስለ ጣሂር ነው። አጎቴ ሲያነብልሽ ቁጭ ብለሽ ስሚው።

አምና ከባሕር ሥር ስፖንጅ የሚያወጣው ጠላቂው መስዑድ መጥቶ፣ መርከባቸው መሰበሩንና ጣሂርን አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ በእጁ መቅበሩን ሲነግረን አባባ ያሉትን መቼም አትረሺውም።

"የንጋቱን ሶላት ሱብሒን በሰዓቱ ትሰግዳለህ?"

"ከነቃሁ፣ ሸይኽ።"

"መጠጥስ?"

መስዑድ መሬት መሬት አየ።

"እንግዲያው ምስክርነትህ አይጸናም።"

የአባባን ነገር ታውቂዋለሽ። በመስጊድ የነቢዩን ሐዲስ ሲያስተምሩ ከታማኝ ሰው ካልሆነ እንደማይቀበሉ ሁሉ፣ ካርታ ሲስሉም ታማኝ ሰው ያላየውን የባሕር ዳርቻ ብዕራቸው አይነካውም። የዓለም ካርታቸውን ያየ ሁሉ ወርቁንና ሰማያዊውን ያደንቃል፤ እሳቸው የሚኮሩት ግን በምስክሮቻቸው ነው። ለልጃቸው ሞትም ያንኑ ሕግ አወጡ። ቁርአን እንዳይቀራለት፣ ለቅሶ እንዳንቀመጥ፣ ልብሱ ለድሆች እንዳይሰጥ ከለከሉ። አንቺም "ለልጄ እንኳ እንዳላለቅስ?" ብለሽ ጥለሽን ሄድሽ። አልፈረድኩብሽም። እኔም መሄድ አምሮኝ ነበር፤ ግን ቀለሙን ማን ይፍጭላቸው?

መስዑድ ያደረገውን ግን አልሰማሽም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሱብሒ ላይ መስጊድ እየመጣ ከፊተኛው ሰልፍ መቆም ጀመረ። መጠጡንም እርግፍ አድርጎ ተወ። ጓደኞቹ "መስዑድ ሸይኽ ሊሆን ነው፤ ነገ ዓሦቹን ማስቀራት ይጀምራል" እያሉ ሲያላግጡበት ዓመቱን ሙሉ አንድ ሱብሒ አላመለጠውም። አባባ እንዳላዩ ሆነው ያልፉት ነበር። ማየቱንስ በደንብ አይተውታል።

በዒድ ማግስት በራችንን አንኳኳ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሰማያዊውን እየፈጨሁ ነበር።

"ሸይኽ፣ አሁን ይጠይቁኝ" አላቸው።

አባባ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ስለ ሶላቱ የሚጠይቁት መስሎኝ እጄን አቆምኩ።

"ፊቱን ወዴት አዙረህ ቀበርከው?" አሉ።

"እኔማ ወዴት አውቄ! እሱ ነው ነፍሱ ሳትወጣ ያሳየኝ። ፀሐይ ከምትወጣበት ትንሽ ወደ ቀኝ። 'ወዲህ አዙረኝ፤ ካጣመምከው አባባ ይቆጣሉ' አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ፣ ሸይኽ።"

አባባ ደሴቷ በየት በኩል እንደሆነች ጠየቁት፤ በጣቱ አሳያቸው። ማስመሪያቸውን ከዚያ እስከ መካ ዘረጉ። ጣሂር አልተሳሳተም። ልጅ ሳለ ለሶላት ወደ መካ መዞሪያውን፣ ቂብላን፣ ሲያጣምም ስንቴ ተቆጥተውታል፤ ያን ቀን ግን አልተሳሳተም። "ምስክርነትህ ጸና፣ ልጄ" አሉትና ማስመሪያው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። እማ፣ አባባ ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መስዑድም አብሯቸው ተንሰቀሰቀ።

ከዚያ ደሴቷን ሳሏት። አገራችንን በሚጽፉበት በቀዩ ቀለም ሳሏት።

ቁርአን ይቀራለታል፤ አንቺ እስክትመጪ ነው የምንጠብቀው። ልብሱንም አልነካንም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ራሱ መስዑድ ነውና ፊት እንዳትነሺው። ጀልባዋ ስትመለስ ባዶዋን እንዳትመጣ።

አባባን "ለእማ ምን ብዬ ልጻፍላት?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "የደሴቷን ስም አልጻፍኩም በያት" አሉ።

"ለምን?"

"የልጁን ስም ያወጣው ማን ነው? እሷ አይደለችም?"

ካርታውን የሚወስደው መርከብ ሸራውን አዘጋጅቶ ወደቡ ላይ ቆሟል። ካፒቴኑ ጠዋት ማታ ሰው ይልካል። አባባ "ቀለሙ አልደረቀም" እያሉ ይመልሱታል።

ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል፣ እማ።

አላህ ባሕሩን ያለስልስልሽ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

ልጅሽ ሸድሊያ