የእኔ አርባ አንድ ደቂቃ

ሰኞ

«እሷማ ውሃ ታቀብለኝ ነበር» አለ። ብሩክ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ከሥራ ስወጣ ሰባተኛ ሠፈር ያለው ጌም ቤት ጎራ አልኩ። ሰው ተኮልኩሎ ትልቁን ቴሌቪዥን ያያል። ቀረብ ብዬ ሳይ የእኔ ጨዋታ ነው። የእኔ አስማተኛ፣ የእኔ መንገድ፣ ረግረጉ ላይ የተሳሳትኩት እንኳ ሳይቀር። ባለፈው ወር ሁሉም ኳስ ሊያይ ሄዶ ቤቱ ጭር ባለበት ቅዳሜ የተጫወትኩት። ሌላው ሰው ሳምንት የሚፈጅበትን ጌም ከመንደሩ ተነስቼ እስከ መጨረሻው ንጉሥ በአርባ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ጨረስኩት። አጠገቤ የነበረው ብሩክ ብቻ ነው። ስክሪኑን የቀረጸው እሱ ነው። ጌሙ ሲጀምር የተጫዋች ስም ሲጠይቅ «ብሩክ» ብሎ የጻፈውም እሱ ነው። ያኔ ስቄ ተውኩት።

አሁን ያ ስም ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ይነበባል። የጌም ቤቱ ባለቤት ጋሽ አበራ ደግሞ በትልቁ በማርከር ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ብሩክ፣ 41 ከ20።

«ይሄ እኮ የእኔ ነው» አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ። ብሩክ ዞሮ አየኝ፤ ፈገግ አለ። ከዚያ ያንን አለ። ውሃ ታቀብለኝ ነበር። ሰዉ ሳቀ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በግራው በኩል አጠገቡ ተቀምጫለሁ። እሱ ሁሌ ባለሰይፉን ነው የሚመርጠው። አስማተኛ የፈሪ ነው ይል ነበር።

እሁድ ስምንት ሰዓት ውድድር አለ። አራት ሰው፣ አራት ማሽን፣ እኩል ይጀመራል፣ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ብሩክ «በአስማተኛዋ እገባለሁ» ብሎ ተመዝግቧል። አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። ጋሽ አበራ «አንቺም?» አሉኝ። እኔም አልኳቸው።

እሁድ አዋርደዋለሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ማክሰኞ

መሳለሚያ የምሠራበትን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የምከፍተው እኔ ነኝ። ባለቤቱ ሐጂ ናስር ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። የምተይብበት ኮምፒውተር ላይ ጌሙን በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩ። እስከዚያ ገበያተኛ ብዙ አይመጣም፤ ሁለት ሰዓት የእኔ ነው።

ዕቅድ፦

መንደሩ ውስጥ ከማንም ጋር አለማውራት። ሽማግሌው ምክር ሲጀምር መዝለል።

የመጀመሪያዎቹ አራት የኃይል ነጥቦች በሙሉ ለመብረቅ። ልብስ የለም፣ ጋሻ የለም፣ ቀለበት የለም። ሁለቴ ከተመታች ትሞታለች። ስለዚህ አትመታም።

ዋሻው ውስጥ አንድም ጭራቅ ቆሞ አለመግደል። ሁሉንም ከኋላ አስከትሎ መሮጥ፣ መውጫው ሲጠብብ ዞሮ በአንድ መብረቅ።

ረግረጉን መዞር አያስፈልግም። ውሃውን በበረዶ አስማት እያጠጠሩ በላዩ መሮጥ። የአስማት ኃይል የሚሞላው ሰማያዊ ጠርሙስ ሦስት ይበቃል፤ ባለፈው አምስት ጠጥቼ ጊዜ አባከንኩ።

ግንቡ። እዚህ ነው ነገሩ። በሩ መዘጋት ሲጀምር ጀርባዋን ለግድግዳው ትሰጣለች። አንድ፣ ሁለት። ሁለት ላይ የመሰወሪያውን አስማት መጫን። ግድግዳውን ሰንጥቃ በወዲያኛው በኩል ትወጣለች። የዘጠኝ ደቂቃ መንገድ ይቀራል። ይህንን ለማግኘት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ከእኔ ሌላ የሚችል አላየሁም። ቅጂው ላይ ግንቡን ስታልፍ ይታያል እንጂ ጣቴ መቼ ምን እንደሚጫን አይታይም።

ዛሬ ሞከርኩ። 44 ከ10። ሁለቴ ሞቻለሁ። አይበቃም።

ረቡዕ

መብራት የለም። ሠፈሩ በሙሉ ጄኔሬተር በጄኔሬተር ሆኗል፤ የእኛ ሱቅ የለውም። ዝም ብዬ ብቀመጥ እብዳለሁ። የጠፋው ስክሪን ፊት ተቀምጬ ኪቦርዱን እየነካሁ ከመንደሩ ጀመርኩ፤ መንገዱ በአእምሮዬ አለ። ዋሻው ላይ ስደርስ ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ዛሬ ቀድመው መጡ።

«ልጄ፣ መብራት የለም እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ምን ትጽፊያለሽ?»

መዋሸት አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጌሙን፣ ቅጂውን፣ ውሃውን። እየሰሙኝ የደብተር ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ይቆጡኛል ስል ስለ አስማተኛዋ ጠየቁኝ። እሳት ትተፋለች ወይ? መብረቅ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንዴ ከጀመርሽ በደንብ አድርገሽ ተበቀዪ» አሉ። «ግማሽ በቀል እከክ ነው። ያሳክካል እንጂ አይድንም።»

ከዚያ ደግሞ «ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን እንዳላይሽ» አሉ።

ሐሙስ

መጣ! እሱ ራሱ፣ በእግሩ፣ ወደ እኔ።

ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም። ገርበብ ያለውን በር አንኳኳ። ከፈትኩለት።

«ተቆጣሽ አይደል?» አለ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

ወለሉን እያየ ተናገረ። እሁድ በአስማተኛዋ ይገባል፤ ሰዉ ሁሉ ያንኑ በዓይኑ ሊያይ ነው የሚመጣው። እሱ ግን አይችልም። ጌም ቤት ሄዶ እንዳይለማመድ ሻምፒዮኑ ከዋሻው መውጣት ሲያቅተው ሰው ያየዋል። ቤቱ ኮምፒውተር የለውም።

«አንድ ቀን ብቻ አሳዪኝ። ከዚያ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፤ አብረን ነው የሠራነው እላለሁ።»

አብረን! እንደዚያ ነው ያለው።

በጥፊ ላጠናግረው አስቤ ነበር። ግን «ቁጭ በል» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት ሲቸገር ለማየት። አይቻለሁም። መብረቁን ከፊት ይተኩሳል፣ ሰይፍ የያዘ ይመስል ጭራቁን ተጠግቶ ይቆማል። ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞተ። በትዕግሥት አሳየሁት። ዋሻውን በእውነት አስተማርኩት። ረግረጉንም በእውነት። ልጁ ፈጣን ነው፤ ይይዛል።

ረግረጉን ጨርሶ ወደ ግንቡ ሲሄድ መብራት ጠፋ።

«ወይኔ» አለ። «ግንቡስ?»

«በሩ መዘጋት ሲጀምር ጀርባዋን ለግድግዳው ስጣት» አልኩት። «ከዚያ ቆጥረህ መሰወሪያውን ትጫናለህ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

አላሰብኩበትም። ከአፌ ወጣ። ሦስት ከተቆጠረ በሩ ይዘጋል፤ ግድግዳው ሳይለቃት እዚያው ድንጋዩ ውስጥ ትቀረቀራለች። መውጫ የላትም። አትሞትም፣ አትራመድም። ስንት ጊዜ ደርሶብኛል።

«ሦስት» ብሎ ደገመው። በጣቱ ሦስት አሳየኝ። አመስግኖኝ ሄደ።

ዓርብ

ጠዋት መብራት መጣ። 40 ከ55! የራሴን ሰዓት በሃያ አምስት ሰከንድ ሰበርኩ። ብቻዬን ጮህኩ። ከሱቁ አጠገብ ያሉት ሻንጣ ሻጭ መጥተው ሌባ ገባ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

የሚያሳስበኝ፦ ቢሞክረውስ? የት ይሞክረዋል? ሻምፒዮን ነኝ ብሎ ሰው ፊት መለማመድ አይችልም። የራሱ ውሸት ነው አስሮ ያስቀመጠው። እኔ አንዲት ቁጥር ብቻ ነው የጨመርኩበት።

ለጁምዓ ሱቁ ሲዘጋ ስልኬን አወጣሁ። ስሙን አየሁት። «ሁለት ነው» ብዬ መጻፍ ነው። አራት አምስት ፊደል። ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ውሃ ታቀብለኝ ነበር። ውሃ!

ቅዳሜ

ጠዋት ከመክፈቴ ገበያተኛ በር ላይ ቆሟል። አልተጫወትኩም። ቀኑን ሙሉ ደብተር ሳወርድ ወገቤ ተቆረጠ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ባይለኝ ይሻል ነበር። መጀመሪያ ጌም ቤቱ የገባሁ ዕለት ወንዶቹ ሊያስወጡኝ ፈልገው ነበር። ሴት ምን ትሠራለች፣ ወንበር ልቀቂ። ተነስቶ «ከእኔ ጋር ናት» ያላቸው ብሩክ ነው። ያኔ ስሜንም አያውቅም።

ታዲያ ምን ይሁን? ወንበር የሰጠ ሰው የተቀመጠችውን ልጅ ሥራ ይወስዳል?

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።

እሁድ

እንዳለ ልጽፈው።

ሰው እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። አራታችን በተርታ ተቀመጥን። እኔ ጥግ፣ ብሩክ ሁለት ወንበር አልፎ። ትልቁ ቴሌቪዥን የተገጠመው ከእሱ ማሽን ጋር ነው፤ ሻምፒዮን ነዋ። ሌሎቹ ሁለቱ በባለሰይፉ ናቸው። ጋሽ አበራ አጨበጨቡ፤ ጀመርን።

መንደሩ ጥሩ። ዋሻው ከዓርብም ይበልጥ ጥሩ። ከኋላዬ ሰው «እሷንም እዩዋት» ሲል ሰማሁ። ረግረጉ ላይ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ጠጣሁ። ግንቡ ጋ ደረስኩ። አንድ፣ ሁለት፤ አለፍኩ። ከግንቡ ማዶ ጠባቂዎቹ አሉ፤ መቆም አይቻልም።

ያኔ ሳቁ መጣ።

መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መንገዴን መቀጠል ነበረብኝ። ግን ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኩት ያንን ነው፤ ዞሬ አየሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አስማተኛዋ ግማሽ ገላዋ ድንጋይ ውስጥ ገብቶ አንድ እጇ ውጭ ይወዛወዛል። ብሩክ ቁልፎቹን ይቀጠቅጣል። «ሻምፒዮን፣ በር አንኳኳላት!» አለ አንዱ። «ውሃ አቀብሏት!» አለ ሌላው።

ብሩክ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ገብቶታል። ምን ይላል? አሳስታ አስተማረችኝ ካለ መንገዱ የእኔ መሆኑን አመነ ማለት ነው። ፊቱ ቀላ፣ ቆይቶ አመድ መሰለ። ተነሳ። ሰዉን እየገፋ ወጣ።

ወደ ስክሪኔ ስመለስ ጠባቂዎቹ ገድለውኛል። ከግንቡ በር እንደገና። ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም። 46 ከ30። አንደኛ ወጣሁ፤ ሁለቱ ገና ረግረጉ ውስጥ ናቸው። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሽ አበራ እጄን ይዘው አነሱት፤ ቀጥለው ግን «ሪከርዱ ግን አልተሰበረም፣ 41 ከ20 እንደያዘ ነው» አሉ።

የራሴን ሰዓት ያልሰበርኩት የእሱን ውድቀት ዞሬ ስላየሁ ነው። ግድግዳው ላይ አሁንም ስሙ አለ። ሐጂ ልክ ናቸው፤ ያሳክካል።

ሰኞ

ለምሳ ስወጣ ሱቁ ፊት ለፊት ቆሞ አገኘሁት። አልተላጨም።

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አንተስ በማን ፊት ነበር?»

ተሸካሚዎች በመካከላችን እያለፉ «ዞር በሉ፣ ዞር በሉ» ይሉናል፤ ሁለታችንም ግድግዳውን ተጠጋን።

«ከትናንት ጀምሮ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ እንደገና ተጫወትልን ይለኛል» አለ። «አልቻልኩም። ጠዋት ሄጄ ለጋሽ አበራ ቅጂው የእኔ አይደለም፣ የእሷ ነው አልኳቸው። እንዲተዉኝ ብዬ ነው፤ ላንቺ ብዬ አይደለም።»

«ላንተ ብለህም ቢሆን ብለሃል።»

«ሁለት ነበር?» አለ።

«ሁለት ነበር።»

ሄደ። ይቅርታ አላለኝም። እኔም አላልኩትም።

ከሥራ ስወጣ ጌም ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ አበራ አዲስ ወረቀት ዘርግተው ማርከራቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ትንሽ አፈሩ መሰለኝ።

«ሁለት ዓመት እዚህ ስትመጪ ስምሽን ጠይቄሽ አላውቅም» አሉ። «ሙና ነው አይደል?»

«ሙኒራ» አልኳቸው። «ሙኒራ ሱሩር።»

«ሙና» ብለው ጀምረውት ነበር። ወረቀቱን እንዲቀይሩት ጠየቅኳቸው። ቀየሩት። ሲጽፉ ፊደል በፊደል አየኋቸው። የእሱን ወረቀት ገንጥለው ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ቀድጄ ጣልኩት።

ከዚያ ተቀምጬ ትንሽ ተጫወትኩ። ዋሻው ላይ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ጭራቆቹ ሳይነቁ የሚታለፍበት ጥግ። «አየኸው?» ብዬ ወደ ቀኝ ዞርኩ። የማላውቀው ሰው ተቀምጦ የመኪና ጌም ይነዳል። «ምን?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።