ከነእግር የወለቀ ጫማ

ኤዶምዬ፣ የአራዳው ጊዮርጊስ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን፤ ይህን የምጽፍልሽ ግን ያየሁትን ብቻዬን መያዝ ስላቃተኝ ነው።

ጎረቤታችን ሰዓት ሠሪው ጋሽ ዘርዓብሩክ ሁሌ ከደጅ ተሳልመው እንደሚመለሱ ታውቂያለሽ። «ምን ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው ቤተ ክርስቲያን የማይገቡት?» እያልን ስናማቸው ኖርን። እሁድ ዕለት በሩ ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። ላነሳቸው ስጎነበስ ጫማቸው ከነእግራቸው ወልቆ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል! ኡኡ አልኩ። ለካ እግራቸው የእንጨት ኖሯል!

«ጫማዬን ሳወልቅ እንዳይታይብኝ ብዬ ነው» አሉኝ አቀርቅረው።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንቺም መኪና ነካ አደረገኝ ካልሽኝ ጀምሮ በስልኩ የምታሳዪኝ ፊትሽን ብቻ ነው። እመብርሃን በጥላዋ ትከልልሽ፤ ስትደውዪ እስቲ ተነስተሽ ጥቂት ተራመጂልኝ። ምንም ይሁን ምን፣ አንቺም ከደጅ አትቅሪብኝ።

እናትሽ የሺዓለም