ራሱ የነፋው ፊሽካ

ከሆሳዕና፣ ነሐሴ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ በዚህ ዝናብ እንዴት ሆነልሽ? የጓሮውን እንሰት በረዶ አልመታብሽም? እኔና ልጆቹ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ እንድጽፍልሽ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ «ለመስቀል ለምን አትመጡም?» ስትዪኝ የጠፋሁብሽ ኔትወርክ ተቋርጦ አይደለም። ማልቀሴን እንዳትሰሚ ብዬ ዘጋሁት።

የግንቦቱን የዋንጫ ጨዋታ ሰምተሻል። የሰማሽው ግን የአንጋጫ ልጆች ማሸነፋቸውን ብቻ ነው። ያን ቀን የዳኘው ባለቤቴ ሆሴዕ ነበር። ጠዋት «የሚስትህ አገር ልጆች ናቸው፣ ለሌላ ተወው» ብዬው ነበር። «ሜዳ ላይ አማች የለኝም» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሆሳዕና ልጆች አገቡ፤ ሆሴዕም ጎሉን አጸደቀ። የአንጋጫ ደጋፊ «ማኖ ነው! በእጁ ነክቷል!» እያለ ሜዳውን ወረረው። ዲኤስቲቪ ቤት የአውሮፓን ጨዋታ ሲያዩ እንደለመዱት፣ በጣታቸው አራት ማዕዘን እየሠሩ «ቫር! ቫር!» ይሉታል። እኛ ሜዳ በቪዲዮ አይቶ የሚፈርድ ቫር ከየት ይመጣል፣ እማዬ? የጎሉ መረብ እንኳ የውሰት ነው። ከመሃላቸው አንዱ ስልኩን ይዞ ተጠጋውና «ጋሼ፣ ቀርጬዋለሁ፤ አንተው አይተህ ፍረድ» አለው። ሆሴዕ አየ። ኳሷ እጅ ስትነካ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ጎሉን ሻረው።

ከዚያ በኋላ ከሆሳዕና ደጋፊ በኩል ድንጋይ ብቻ ነበር። የሆሴዕ ግራ ዓይን ከእንግዲህ እንደማያይ ሐኪሞቹ ነግረውናል። ጨዋታው በሌላ ዳኛ ቀጥሎ አንጋጫዎች በሪጎሬ ምት አሸንፈው ዋንጫውን ይዘው ሄዱ።

ቪዲዮው ቆይቶ በቴሌግራም ተበተነና እኛም ዘንድ ደረሰ። ሆሴዕ አልጋው ላይ ሆኖ ከፈተው። ኳሷ እጅ እንደነካች ፊሽካ ይሰማል፤ የራሱ ፊሽካ። ለካ ባለስልኩ ያሳየው የመጀመሪያውን አጋማሽ ማኖ ነው፤ ያኔውኑ ነፍቶ ያስቆመውን! ሜዳ ላይ ሲያሳየው ድምፁን ዘግቶት ነበር። እውነተኛ ፍርዱን በሌላ እውነተኛ ፍርዱ አስሻረው።

ስልክ አይቶ መፍረድ በደንቡ ክልክል ነውና ዳኝነቱን ከለከሉት። ይሄን አልተከራከረም። የሰበረው «ከሚስቱ አገር ሰዎች ጋር ተስማምቶ ነው» መባሉ ነው። በሚያስተምርበት ትምህርት ቤትም ወደ ሰሌዳው ሲዞር ተማሪዎቹ ከኋላው በጣታቸው አራት ማዕዘን ይሠሩበታል። ትምህርት ሳይዘጋ ቤት ዋለ። አሁን ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይሄድም፤ መንገዱ በሜዳው በኩል ነው። ፊሽካውን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። ቤተልሔም፣ ትልቋ ልጃችን፣ ስታነጋግረው በማያየው ዓይኑ በኩል ስለምትቆም የማይሰማት ይመስላታል። እኔም አንዳንዴ እንደዚያው ይመስለኛል።

የውድድሩ ኮሚቴ ጠርቶ «ስልኩን ያሳየህን ሰው ስም ንገረን፣ ቅጣትህ ይቀልልሃል» አለው። «ፊቱን አላየሁም» ብሎ ፈረመ። እኔ ግን ባሌን አውቀዋለሁ። ሆሴዕ የማያውቀውንና የማያምነውን ሰው ስልክ አያይም። አጥብቄ ብጠይቀው «እናትሽ እንዳይሰሙ» አለኝ።

እማዬ፣ ወንድሜ ዘርአብሩክ ዋንጫውን አቅፎ የተነሳውን ፎቶ ሳሎን እንደሰቀልሽው ትንሿ እህቴ ትርፊት ነግራኛለች። አውርጂው አልልሽም፤ ልጅሽ ነው። ለመስቀል ሆሴዕን ባመጣው፣ ከእሱ ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ፣ ከአንድ ሥጋ ቆርሶ፣ ምንም እንዳልሆነ አብሮ እንደሚበላ አውቃለሁ። እሱ ይችላል። የማልችለው እኔ ነኝ።

ይሄን ደብዳቤ እንደ ሌላው ጊዜ ለዘርአብሩክ ሰጥተሽ አታስነብቢ። ትርፊት ታንብብልሽ።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ደጅሽን በረከት አያሳጣው። ለአባቴ፣ ለትርፊትና ለጎረቤቶቻችን ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ለመስቀል የማትመጣው ልጅሽ