ከመስኮቱ ሥር ያለው መደብ

ሰኞ
በሶደሬ መንገድ ዳር ያለው ችግኝ ሻጭ ጽጌረዳ ካልወሰዱ ብሎ ሞገተኝ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በየዓመቱ ያብብልዎታል!» ለሚመጣው ዓመት የሚሆን ነገር አልፈልግም አልኩት። በአንድ ወቅት አብበው የሚያልቁትን፣ በፌስታል አፈር ቁመት ያወጡትን ወሰድኩ፦ ዚኒያ፣ ማሪጎልድ፣ ፔቱኒያ። ሐኪሙ ለባለቤቴ ለሰናይት ጊዜ አልቆረጠላትም። «ቤቷ ትሁን» ብቻ አለ። ከአልጋዋ ሆና አበባ ማየት ትፈልጋለች። ይህን እንኳ እችላለሁ።

ማክሰኞ
በክርና በውኃ ልክ መደቡን አወጣሁ። ረጅሙ ዚኒያ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፤ ማሪጎልዱ ቀጥሎ፤ አጭሩ ፔቱኒያ ከፊት። ጎረቤታችን ጫልቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ኦቦ ኢንጂነር፣ አበባ ነው ወይስ ድልድይ የሚሠሩት?» ክሩን አጥብቄ ወጠርኩ። ጠማማ ነገር የማያማቸው ሰዎች ናቸው አገሩን የሞሉት።

ረቡዕ
ሰናይትን ሊጠይቁ የመጡት የጸሎት ቤት ሰዎች የመደቡን ጠርዝ ረግጠውት ወጡ። ያውም እየጸለዩ! ጮህኩባቸው። እሷ ሰምታ አፈረች። እኔ አላፈርኩም።

ዓርብ
በትራስ ደግፌ ቀና አደረግኳት። በመስኮቱ አየች። ከዚያ፦ «ለመንገደኛ ነው እንዴ የሠራኸው?» ጎንበስ ብዬ በዓይኗ ልክ አየሁ። የዚኒያ ግንድና ቅጠል ብቻ፤ ሌላውን ሁሉ ጋርዶታል። ንድፉን የሣልኩት ውጭ በር ላይ ቆሜ ነበር። ደደብ!
ሁሉንም ነቅዬ ቦታቸውን አገላበጥኩ። በአዳማ ነፋስና በቀትር ፀሐይ ችግኝ አይነቀልም፤ አውቃለሁ። ግን የቧንቧ ውኃ የመጣው ዛሬ ነው። ነገ አይታወቅም።

ቅዳሜ
ሁሉም ጠውልጓል። ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳሉ አቋረጣት። «እኔም እነሱም መደብ ይዘናል። ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል እናያለን።»

እሑድ
ሕመሙ ባሰ። አሁን በቀኝ ጎኗ ካልሆነ መተኛት አትችልም፤ ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው። ያ ሁሉ መንቀል በከንቱ! በሩን በቡጢ መታሁት። «በሩን ተወውና ትራሴን ወደ ግርጌ አድርገው» አለችኝ፤ በዚያው ጎኗ ወደ መስኮቱ ልትዞር። ጫልቱን ጠራሁ። እሷ እግሯን፣ እኔ ትከሻዋን ይዘን አዞርናት። ቀለለችብኝ። «ቀስ! ድልድይ አይደለሁም» አለች ሰናይት። ጫልቱ እየሳቀች አለቀሰች።
አንዲት ዚኒያ ቀና ብላለች። ሌሎቹ እንደ ጨርቅ ተኝተዋል። ሰናይት ብዙ ቆይታ አየቻት።
«ቀደመችኝ» አለች።
ነፋሱ ተነሥቷል። መደቡን ያወጣሁበትን ክር ከነካስማው ይዤ ዚኒያዋን ልደግፋት ወጣሁ።